እንጦጦ ላይ ወፍ የለም?

በኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህንን ክር (የውይይት ሰንሰለት) የከፈተው ልጅ ካሜራ ከገዛ ብዙም አልቆየም። አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ወጡ። ሐሳባቸው ወፍ ማየትና ፎቶ ማንሳት ነበር። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት በባሕር ዛፉ መሀል ሲዞሩ ዋሉ። እንደ ልጁ አባባል ያገኙት ቁራ፣ ጭላትና እርግብ ብቻ ነው። ከዚህ ተነስቶ አዲስ አበባ ዙሪያ ወፍ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ወፍ የፈለገ ሰው ባሌ ወይም አዋሽ መሄድ እንዳለበት ጻፈ። ያነሳቸውንም ጥቂት ፎቶዎች ለማስረጃ ለጠፈ። ተሳስቶ ከሆነ ደግሞ የት መሄድ እንዳለበት እንዲነግሩት ጠየቀ።

ክሩ 61 ምላሽ ደርሶታል። ሁሉንም አልተርክም፤ ገሚሱ ሰላምታና ምስጋና ነው። ግን ስለ ከተማችን ዙሪያ ወፎች በአማርኛ እንዲህ በዝርዝር ሲወራ ብዙ አላየሁም። ዋና ዋናው እንዲህ ነው።

1ኛው ምላሽ በአስጎብኚነት ከሚሠሩ ሰው የመጣ ነው። በጣም ጨዋ መልስ ነው። ልጁን በደንብ ከተቀበሉት በኋላ የሰዓቱን ነገር አነሱበት። ደጋ ላይ ወፍ በደንብ የሚታየው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ወፎቹ ጎህ ሲቀድ ተርበው ይነሳሉ። ይለቅማሉ፣ ይዘምራሉ፣ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ፀሐዩ ሲጠነክር ቅጠል ውስጥ ገብተው ዝም ይላሉ። ለፎቶም ያው ነው አሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቶሎ አናት ላይ ትወጣለች። ያን ጊዜ የወፉ ጀርባ ነጭ ይሆናል፣ ዓይኑ ደግሞ ጥላ ውስጥ ይቀራል።

2ኛው ከልጁ ጋር ተስማማ። እንጦጦ ሥር ያደገ ሰው ነው። ልጅ እያለ የሚያውቀው የወፍ ድምፅ አሁን እንደማይሰማ ጻፈና ወጣ።

ክሩን የቀየረው 3ኛው ምላሽ ነው። አንዲት ሴት የልጁን ፎቶዎች አንድ በአንድ ከፍታ፣ አጉልታ አይታቸዋለች። ቁራ ብሎ የናቀውን ወፍ ምንቃር እንዲያይ ነገረችው። ምንቃሩ ከጭንቅላቱ ጋር የማይመጣጠን ወፍራም ነው፤ ላይኛው ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ጫፉ ላይ ነጣ ይላል። ማጅራቱ ላይ ደግሞ ነጭ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ምልክት አለ። ይህ እንግሊዝኛው ቲክ ቢልድ ሬቨን የሚለው፣ ከዓለም ትልልቅ ቁራዎች አንዱ የሆነው፣ በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሚገኘው ቁራ ነው። ፋንድያውን በምንቃሩ ወዲያና ወዲህ እየበተነ ትል የሚለቅመውም እሱ ነው። ቀጥላ የእርግቡን ፎቶ አነሳች። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ላይ የተቀመጠችው ግራጫ እርግብ ከአንገቷ ኋላ ነጭ ቀለበት አላት። ይቺ ዋይት ኮላርድ ፒጅን ናት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ አትገኝም። እነዚህን ሁለቱን ለማየት ብቻ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣ ሰው እንዳለ ጽፋ፣ ፎቶዎቹን እንዳያጠፋቸው ለመነችው።

4ኛው የልጁ መልስ ነው። ፎቶውን እንደገና ከፍቶ ነጩን ምልክት እንዳየው ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሲጠይቅ እንጂ ሲከራከር አላየሁትም።

ከ5 እስከ 7 ያሉት ምስጋናና የካሜራ ሞዴል ጥያቄ ናቸው።

8ኛው ረጅም ነው። የደን ባለሙያ የሆኑ ሰው ባሕር ዛፍን አነሱ። እንደሳቸው አገላለጽ ልጁ የዞረበት ቦታ ራሱ ወፍ የሚበዛበት አይደለም። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነው። በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ተቆርጦ አልቆ ከተማዋ ማገዶ አጥታ ነበር፤ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብም ነበረ። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አቆያት። ለወፍ ግን ሌላ ነው። ቅጠሉ ዘይት ስላለው የአገራችን ነፍሳት እምብዛም አይበሉትም፤ ነፍሳት ከሌለ ነፍሳት ለቃሚ ወፍ የለም። ፍሬው ደረቅ ነው፣ የሚበላ ሥጋ የለውም። የረገፈውም ቅጠል ለማገዶ ስለሚጠረግ መሬቱ ባዶ ይቀራል። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት ያለበት ቦታ ሲኬድ ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን አስረዱ።

9ኛው በዚህ ተቆጣ። ከእንጦጦ ማዶ ባሕር ዛፍ ተክሎ ልጆቹን ያስተማረ ገበሬ ልጅ ነው። ዛፉን ሁሉም እየተነሳ ሲሰድበው እንደሚያመው፣ የቤቱ ማገርም የእናቱ እሳትም ከዚያ እንደመጣ ጻፈ። በዚያ ላይ ባሕር ዛፍ ሲያብብ ንብም አበባ ቀሳሚ ወፍም እንደሚወርርበት፣ ትልልቆቹ አሞራዎችና ጋጋኖዎችም ረጃጅሙ ባሕር ዛፍ ላይ እንደሚያድሩ አከለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ባለሙያው ያሉት ስለ ትንንሾቹ ወፎች ነው፤ የገበሬው ልጅ ያለው ስለ ማደሪያ ነው። በ11ኛው ምላሽ ባለሙያው ተመልሰው ይህንኑ አመኑለት። አሞራ ከፍታ እንደሚፈልግ፣ የዛፉ ዓይነት እንደማያስጨንቀው ገልጸው በአክብሮት ዘጉት።

10ኛው አጭር ግን ጠቃሚ ምክር ነበር። እንጦጦ ላይ ወፍ ማየት የፈለገ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ ግቢ ይሂድ ይላል። እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ራጉኤል ግቢ ውስጥ ያረጁ ጥዶችና ወይራዎች አሉ። ጉለሌ እጽዋት ማዕከልም አገር በቀል ዛፍ እየበዛበት ነው። አበባ ካለ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ በተለይ ብርቱካንማው የፈረስ ዘንግ ሲያብብ ታካዜ ሰንበርድ የሚባለው አበባ ቀሳሚ ወፍ ይመጣል። ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ጥቁር ነው። ዞር ብሎ ፀሐይ ሲያገኘው ደረቱ ሐምራዊ ይሆናል፣ ራሱ ላይ የነሐስ ቀለም ያብረቀርቃል። ፎቶው ያለው ዞር በሚልባት ቅጽበት ነው። አበባውን ቀድሞ አነጣጥሮ መጠበቅ እንጂ ወፉን በሌንስ ማሳደድ አያዋጣም። እኔም ከዚህ ክር አንድ ምክር ብቻ ውሰድ ብባል ይህንን ነው የምወስደው።

12ኛውና 13ኛው ስለ ደህንነት ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ጅብ መንገድ ላይ ሊኖር እንደሚችል፣ ካሜራ ይዞ ብቻን ጫካ መግባት ደግ እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ቢያንስ ሦስት ሆኖ መሄድ፣ የአካባቢውን ሰው ሰላም ብሎ ማለፍ። ትክክል ናቸው።

14ኛው ወደ መናገሻ ሱባ ወሰደን። የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ከሳቸው በኋላ ሁሉም እትዬ እያለ ነው የሚጠራቸው። ጫካው ከከተማው በስተምዕራብ፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው። እዚያ ቁመቱን ለማየት ባርኔጣ የሚያስወልቅ ጥድ አለ። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፣ ድኩላ መንገድ ያቋርጣል። እትዬ በተለይ ቱራኮ ስለሚባለው ወፍ በዝርዝር ጻፉ። አረንጓዴ ነው፤ ጉንጩ ላይ ነጭ አለው፤ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ እየሮጠ ይሄዳል። ተቀምጦ ሳለ ቅጠል ነው የሚመስለው። ሲበር ክንፉ ይከፈትና ደም የመሰለ ቀይ ይወጣል። ቀዩ ቀለም የመዳብ ማዕድን እንዳለበትም ጻፉ። ይህ እውነት ነው፤ ቱራሲን የሚባለው ቀለም መዳብ አለበት፤ እንዲህ ያለ ቀለም ያለው የቱራኮ ወገን ብቻ ነው። ከዚያ አቢሲኒያን ካትበርድን፣ ግንደ ቆርቁሩንና ቢጫ ግንባር ያላትን በቀቀን ዘረዘሩ። ካትበርድ የምትባለዋ ግራጫ ወፍ ከባልዋ ጋር እየተቀባበለች ነው የምትዘምረው። ድምፁ ከመጣ በኋላ ከ10 ደቂቃ በላይ ዝም ብሎ መቆም ያስፈልጋል፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ነው የምትሽሎከሎከው።

15ኛው የጫካውን ታሪክ አሳሳተው። ጫካው የተተከለው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው ብሎ ጻፈ። 16ኛው ወዲያው አረመው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው የሚወስደው። ችግኙም ከወፍ ዋሻ፣ ከአንኮበር አካባቢ ጥድ እንደመጣ ይነገራል። እርማቱ ቀና ነበር፣ 15ኛውም አመስግኖ ተቀበለ። ሁሉም እርማት እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ከ17 እስከ 22 ውሃና ሜዳ ነው። አንድ የሱሉልታ ልጅ ስለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ ጻፈ። ይቺ ዝይ በዓለም ላይ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ናት። ቆማ ስትታይ አመድማ ቡናማ ናት፣ አያስደንቅም። ስታርፍ አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋ ላይ ታሳርፈዋለች፤ በሩቁ አንገት የሌላት ይመስላል። ስትነሳ ክንፏ ላይ ነጣ ያለ ሰማያዊ ይዘረጋል። ልጁ ሲያድግ ጥንድ ጥንዱን ሆነው ጨፌ ዳር ሲግጡ ያየው እነሱን ነው። ሣሩ መሀል ደግሞ ጉሮሮዋ ቢጫ፣ ደረቷ ላይ ጥቁር መቀነት ያላት አቢሲኒያን ሎንግክሎ ጉብታ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ጅረቱ ዳር ሩዤ ሬይል የምትባለዋ ወፍ ጭራዋን እያርገበገበች፣ ከሥሩ ነጩን እያሳየች ትመላለሳለች። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች ይጨመራሉ። ቢጫ ዋግቴል ከብቶቹ እግር ሥር ይርመሰመሳል፤ ክሬን የሚባለው ረጅም ወፍ ከታጨደው ማሳ ላይ እህል ይለቅማል።

ከዚያ የሱሉልታው ልጅ ያሳዘነኝን ጻፈ። እሱ ትንሽ እያለ ዝይ የሚቆጥርበት ጨፌ ዛሬ አጥር ነው። ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ፈሷል፣ አፈር ተደፍቷል፣ ግንብ ቆሟል። ሰው ቤት አይሥራ እንዳላለ፣ ግን ጨፌውን የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅ ሁሉም ነገር እንዳለቀ ገለጸ። እዚህ ላይ መንቀፍ የምፈልገው ፎቶ አንሺዎቹን ነው። 19ኛው ምላሽ ልጁን ምንም ሳይጠይቀው ዝይዋ የምትገኝበትን ካርታ እንዲልክለት ጠየቀ። 20ኛውም እንደዚያው። ሰው ቀዬው ሲጠፋ እየተናገረ ካርታ አይጠየቅም።

21ኛው ገፈርሳን ጠቆመ። ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ለከተማው ውሃ የሚሰጠው ግድብ ነው። ዝይዋም ጋጋኖዋም እዚያ ይገኛሉ። ጥበቃ ስላለ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። 22ኛው ድሮን ይዞ ስለመሄድ ጠየቀ፤ ድሮን ያለ ፈቃድ እንደማይበር፣ ወፎቹም አሞራ መጣብን ብለው ጎጇቸውን ጥለው እንደሚነሱ ተነገረው።

23ኛው ላይ ነገሩ ከረረ።

አንድ ጥሩ ጥሩ ፎቶዎች ያሉት አንሺ መጣ። ፎቶዎቹ በእርግጥ ያምራሉ። ምስጢሩንም ነገረን፦ ስልኩ ላይ የወፎቹን ድምፅ ጭኗል፣ ከትንሽ ስፒከር ጋር ይዞ ይሄዳል። ድምፁን ሲያጫውት ወንዱ ወፍ ተወርውሮ ከፊቱ ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አዲሱ ልጅም እንዲሁ እንዲያደርግ መከረው።

24ኛው በትህትና ተቃወመ። 25ኛው ያን ያህል ትሁት አልነበረም። 26ኛዋ ግን ነገሩን አብራራች፤ ያቺው ፎቶዎቹን ያጎላችው ሴት ናት። ወንዱ ወፍ የሚዘምረው ክልሉን ለማስከበር ነው። የማያውቀውን ወንድ ድምፅ ግቢው ውስጥ ሲሰማ ወራሪ የመጣ ይመስለዋል። መብላቱን ትቶ ይመጣል፣ ይዞራል፣ ይጮኻል፣ የሚዋጋው ሰው ግን የለም። በመራቢያ ወቅት ከሆነ ጎጆውን ትቶ ነው የሚመጣው፤ ቁራና ጭላት ደግሞ ይህን ይጠብቃሉ። አንድ ሰው አንዴ ቢያደርገው ምናልባት ያልፋል። መናገሻ ግን በየሳምንቱ ሰው የሚሄድበት ጫካ ነው፤ መንገዱ አንድ ነው፣ ሁሉም የሚቆመው እዚያው ዛፍ ሥር ነው። ያ አንድ ወፍ በየቅዳሜው ሊታለል ነው።

27ኛው ባለ ስፒከሩን ሰደበው። የስድቡን ዝርዝር አልጽፍም። 28ኛው የውጭ አገር ቱሪስት የሚያመጡትም ይህንኑ እንደሚያደርጉ፣ ለምን አገሬው ብቻ እንደሚወቀስ ጠየቀ። 1ኛውን የጻፉት አስጎብኚ በ30ኛው ተመልሰው ይህ እውነት መሆኑን፣ አንዳንድ ሥራ ባልደረቦቻቸው እንግዳ ለማስደሰት ቀኑን ሙሉ እንደሚያጫውቱ ሳይሸፋፍኑ ጻፉ። መሀል ላይ 29ኛው የመድረኩ ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ ነው።

31ኛው የባለ ስፒከሩ መልስ ነው። ጫካው በመጥረቢያ እየወደቀ፣ ጨፌው በግሬደር እየተደፋ፣ እናንተ በእኔ ስልክ ትጣላላችሁ ይላል ሐሳቡ። ይህንን ክርክር ቀለል አድርጌ አላየውም። ትልቁ ጥፋት ሌላ ቦታ ነው፤ እሱ ልክ ነው። ግን ግሬደሩን እኔም እሱም ማቆም አንችልም፤ ስፒከሩን ግን ኪስ ውስጥ መተው ይቻላል። 33ኛው ይህንኑ በአጭሩ ነገረው። መልስ አልሰጠም።

34ኛው በርጋን አነሳ። በርጋ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ አዲስ ዓለም አካባቢ ያለ ጨፌ ነው። እዚያ ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴል የምትባል ከጭብጥ የማትበልጥ ወፍ ትፈለፍላለች። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎቹ ከ250 በታች እንደሆኑ ነው የሚገመተው። ከኢትዮጵያ ውጪ በደንብ የምትታወቀው በደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው። ጎጆዋ ሣር ውስጥ፣ መሬት ላይ ነው። የአካባቢው ሰው ወፏ በምትራባበት ወቅት ከብቱን ከጨፌው ያርቃል። ሥራውን ከኅብረተሰቡ ጋር የሚያግዘው እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማህበር ነው። 34ኛው የሚለው ይህ ነው፦ ገበሬው ለወፏ ሲል ላሙን ከሣር ሲያርቅ፣ ከከተማ የመጣ ሰው ለፎቶ ሲል በጎጆዋ ላይ መራመድ የለበትም። ከዚህ ክር ሁሉ ልቤን የነካኝ እሱ ነው። 35ኛው ክረምት ላይ ለመሄድ አስቦ እንደነበር፣ አሁን እንደተወው ጻፈ።

36ኛዋ ከርዕሱ የወጣች መሰለች፣ ግን አልወጣችም። እንጦጦ ላይ ወፍ ሊያነሱ የወጡ ሰዎች እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ሳያስፈቅዱ እንደሚያነሷቸው ጻፈች። አክስቷ ለዓመታት ያንን ሸክም ተሸክመው ወርደዋል። ወገባቸው ጎብጦ፣ ላብ በላብ ሆነው ፎቷቸው የማያውቁት ሰው ገጽ ላይ እንደተገኘ፣ ሥሩ ላይም ስለ ብርሃኑ ውበት እንደተጻፈ ተናገረች። ከ37 እስከ 39 ያሉት ይቅርታና ድጋፍ ናቸው። አንዱ ብቻ የአደባባይ ቦታ እንደሆነ ሊከራከር ሞክሮ እትዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳረፉት።

ከ40 እስከ 47 የሌንስ ወሬ ነው። ለማያነሳ ሰው ይሰለቻል፣ ፍሬ ፍሬውን ልውሰድ። ልጁ ያለው አጭር ሌንስ ነው። አንዱ ከ400 ሚሊሜትር በታች ወፍ ማንሳት ድካም ነው አለ። ሌላው ኒኮን ፒ1000 ጠቆመው፤ ሌንስ የማይቀየርበት ካሜራ ነው፣ ዙሙ ግን ከ3,000 ሚሊሜትር ጋር እኩል ነው የሚባለው፤ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ግን ምስሉ ይሻክራል። 43ኛው በጣም ጠቀመው። የልጁ ቁራዎች ሁሉ ጥላ የመሰሉት ካሜራው ብሩህ ሰማይ አይቶ ስላጨለማቸው ነው። ወፉ ሰማይ ላይ ከሆነ መጋለጫውን (ምስሉ የሚያገኘውን ብርሃን) በ1 ወይም ከዚያ በላይ መጨመር፣ የሚበር ከሆነ ሻተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) ቢያንስ 1/1600 ሰከንድ ላይ ማድረግ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ቢል አለመፍራት። የደበዘዘ ፎቶ አይድንም፣ ነጠብጣብ የበዛበት ግን ይድናል። 45ኛው ስለ ዋጋ ሲጠይቅ ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ዋጋ ጠራ፤ እርስ በርስም ተናቆሩ። እለፉት።

48ኛው የመስቀል ወፍን አመጣ። መስከረም ላይ አደይ መሀል ፎቶ ሊያነሳት እንደሚፈልግ፣ ግን ለምን ከዚያ በኋላ እንደምትጠፋ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ከጓዳው ወጣ። አንዱ ወደ ሱዳን ትሄዳለች አለ፣ ሌላው ትሞታለች። 50ኛዋ ያቺው ፎቶዎቹን ያጎላችው ሴት ናት። በተለምዶ የመስቀል ወፍ የምንላቸው የቢሾፕና የዊዶበርድ ወገኖች እንደሆኑ፣ የትም እንደማይሄዱ ገለጸች። ወንዱ በክረምት ለመራባት ጥቁርና ቢጫ፣ ወይም ጥቁርና ቀይ ይለብሳል። አንዳንዱ ረጅም ጭራ ያወጣል። ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ጥሎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፣ ከድንቢጥ መንጋ ጋር ተቀላቅሎ ይከርማል። ኅዳር ላይ ማሳ ዳር ያንን ተራ ወፍ ያየ ሰው የመስቀል ወፍን አይቷል። እትዬ ይህንን ሳያውቁ ስንት ዓመት እንዳስተማሩ ጻፉ፤ ጥያቄውም መልሱም ደስ አላቸው።

52ኛው የክሩ ባለቤት ነው። ጉለሌ ሄዶ፣ በጠዋት ተነስቶ፣ አንድ አበባ ፊት ተቀምጦ ነበር። ፎቶው ትንሽ ደብዘዝ ይላል። ሐምራዊው ደረት ግን ይታያል። ከ53 እስከ 55 እንኳን ደስ ያለህ ነው።

56ኛው ከአንዲት የቄራ ነዋሪ ነው። ድሮ በቄራ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበው ጥንብ አንሳ የት እንደገባ ጠየቁ። 57ኛው መለሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሩፔል፣ ሁድድና ዋይት ባክድ የሚባሉት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች እጅግ አደገኛ ወደሚባለው የመጥፋት ደረጃ ገብተዋል። በአፍሪካ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነው። ሰው ለጅብ ወይም ለውሻ ብሎ ሥጋ ላይ መርዝ ያደርጋል። ጥንብ አንሳ በመንጋ ነው የሚበላው፤ አንድ የተመረዘ ጥንብ ብዙ ወፍ ይገድላል። የጥንብ አንሳ ጥንድ ደግሞ በዓመት አንድ ጫጩት ነው የሚያሳድገው፤ ስለዚህ የሞተውን ቶሎ አይተካም። 58ኛው የሰፈሩን ውሾች በመርዝ ሲያጠፉ ያየውን ጻፈ። 59ኛው ጥንብ አንሳ ባይኖር ሬሳው ለውሻና ለአይጥ እንደሚተርፍ፣ በሽታውም ለሰው እንደሚተርፍ አስታወሰ። 60ኛው ምስጋና ነው።

61ኛዋ እኚያው የቄራዋ እናት ናቸው። የተመረዘ ሥጋ ሜዳ ላይ ተጥሎ ቢያዩ ለማን ነው የሚነገረው፣ ለቀበሌ ነው፣ ለእንስሳት ሐኪም ነው ብለው ጠየቁ። እስካሁን የመለሰላቸው የለም። እዚህ የሚያነብ የከተማ ግብርና ባለሙያ ወይም የእንስሳት ሐኪም ካለ፣ ገብቶ ይጻፍላቸው።